ከ500 ወደ 446፦ በራሴ እጅ የተከልኩት የሙቀት ፓምፕ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጃኬት ደርቤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ማታ 500 ፒኤስአይ (የግፊት አሃድ ነው) ላይ አቁሜው የተኛሁት የግፊት መለኪያ 446 ላይ ወርዶ ጠበቀኝ። ሁለት ቅዳሜና ሁለት እሁድ የፈጀ ሥራ ነው። ግድግዳ ተበስቶበታል፣ መዳብ ታጥፎበታል፣ ሽቦ ተጎትቶበታል። ያ ሁሉ ድካም አሁን በአንዲት ቀጭን መርፌ ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ። ቱቦው ውስጥ የሞላሁት ናይትሮጅን የት ሄደ?

ነገሩ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ከሲያትል ከተማ በስተደቡብ በሚገኘው ቤታችን ነው። እናቴ የምትኖርበት ክፍል ቀድሞ ጋራዥ ነበር። ስፋቱ 32 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ግድግዳው ስስ ነው፤ የምዕራብ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ለሙሉ ያገኘዋል። ለክረምቱ ግድግዳው ሥር የተዘረጋ 2,000 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለው። ለበጋው ምንም የለውም። እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 2021 በሲያትል አውሮፕላን ማረፊያ ሙቀቱ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ (ከዚያ ሰሞን በፊት የነበረው ክብረ ወሰን 39.4 ነበር) እናቴን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ መኪና ውስጥ ኤሲ ከፍቼ ያስቀመጥኩበት ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። በዚህ ከተማ በዚያን ጊዜ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ብዙ ነበር። ዝናብና ቅዝቃዜ የለመደ አገር ለሙቀት አልተዘጋጀም።

ክፍሉ የአየር መተላለፊያ ቦይ የሌለው ስለሆነ መፍትሔው አንድ ነበር፤ አንዱ አካሉ ውጭ፣ ሌላው አካሉ ግድግዳ ላይ የሚቀመጥ፣ ሁለቱ በመዳብ ቱቦ የሚገናኙ፣ በበጋ የሚያቀዘቅዝ በክረምት የሚያሞቅ ማሽን። እኛ ዘንድ በደፈናው ኤሲ ወይም ስፕሊት ይባላል። ትክክለኛ ስሙ የሙቀት ፓምፕ ነው፤ ስሙም ሥራውን ይናገራል። ፍሪጅ ከጀርባው ሙቀት ሲተፋ ያየ ሰው ግማሹን አውቆታል። ሙቀቱ አዲስ የተፈጠረ አይደለም፤ ከምግቡ ተወስዶ ወደ ውጭ የተጣለ ነው። የሙቀት ፓምፕ በክረምት የውጭውን አየር እንደ ምግቡ ይቆጥረዋል፤ ከእሱ ሙቀት እየነጠቀ ወደ ቤት ያስገባል። ተራው ማሞቂያ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ብቻ ሲሰጥ፣ ይህኛው እንደ ሲያትል ባለ ለዘብ ያለ ክረምት ወደ ሦስት የሚጠጋ ይሰጣል።

ሦስት ተቋራጮች ዋጋ ሰጡኝ። ሁሉም ከ5,000 ዶላር በላይ ነበሩ። ማሽኑ ራሱ ከ1,200 ዶላር አይበልጥም። ልዩነቱን ስመለከት ተናደድኩ ማለት እችላለሁ። አሁን ሥራውን ከጨረስኩ በኋላ ግን የሠራተኞቹን ዋጋ በሌላ ዓይን ነው የማየው። ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁት መግዛት ሳይሆን ፈተና መቀመጥ ነበር። በአሜሪካ ሕግ የማቀዝቀዣ ጋዝ ካለበት ማሽን ጋር የግፊት መለኪያ የሚያገናኝ፣ ጋዝ የሚጨምር ወይም የሚያወጣ ሰው ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ የንጹሕ አየር ሕግ ክፍል 608 የሚባለው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ሁለተኛው ዓይነት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ሃያ አምስት አጠቃላይ ጥያቄ፣ ሃያ አምስት ደግሞ የዘርፉ ጥያቄ፤ ለማለፍ ከእያንዳንዱ 18 ማግኘት ይበቃል። ሦስት ሳምንት አጠናሁ። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ እኔ አልመክርም። ቅጣቱን በመፍራት ብቻ አይደለም። ለፈተናው ስዘጋጅ ነው ጋዙ ምን እንደሆነ የገባኝ። የእኔ ማሽን የያዘው አር-32 በትንሹም ቢሆን ሊቀጣጠል የሚችል ጋዝ ነው። ወደ አየር ቢለቀቅ በመቶ ዓመት ሒሳብ ከእኩል ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ 675 እጥፍ ያሞቃል። ከእሱ በፊት የተለመደው አር-410ኤ ደግሞ 2,088 እጥፍ። እነዚህን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ዓለም የተስማማው እ.ኤ.አ. በ2016 በእኛው አህጉር፣ በኪጋሊ ነበር። አንድ ኪሎ ገደማ ጋዝ በቸልተኝነት ማስተንፈስ ትንሽ ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው ዕድሌ አንድ አዛውንት ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ነው የማውቃቸው፤ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ውስጥ ፍሪጅ ሲጠግኑ አሳልፈዋል፤ እዚህም ጡረታ እስኪወጡ በዚያው ሙያ ቆይተዋል። ማሽኑን ልግዛ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው መልሳቸው ሌላ ነበር።

«ልጄ፣ ማሽን ማንም ይሰቅላል። አንተ መጀመሪያ ቱቦ ግዛ።»

«ስንት ሜትር ጋሼ?»

«ለሥራው ስንት እንደሚያስፈልግህ አላውቅም። ለማበላሸት ግን አምስት ሜትር ያስፈልግሃል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የማሽኑ ሁለት አካላት በሁለት የመዳብ ቱቦዎች ይገናኛሉ፤ አንዱ ሩብ ኢንች፣ ሌላው ሦስት ስምንተኛ ኢንች። እያንዳንዱ ቱቦ ሁለት ጫፍ ስላለው መገጣጠሚያው አራት ነው። መገጣጠሚያው አይበየድም። የቱቦው ጫፍ በመሣሪያ ተከፍቶ እንደ ጥሩምባ አፍ ይሰፋል፤ የሰፋው ገጽ በሾጣጣ ናስ ላይ ይቀመጣል፤ ዳዶው ሲጠብቅ መዳቡ ናሱ ላይ ይለጠፋል። ጎማ የለም፣ ማጣበቂያ የለም። ብረት በብረት ላይ ተለጥፎ ከ400 ፒኤስአይ በላይ የሚደርስ ግፊት ለአሥራ አምስት ዓመት ይችላል። አዛውንቱ ያንን ጫፍ «ጥሩምባው» ነው የሚሉት፤ እኔም በዚያው ቀጠልኩ።

አምስቱን ሜትር በሁለት ምሽት ጨረስኩት። የመጀመሪያዎቹ ሰባቱ ጥሩምባዎች ተጣሉ። አንዱ ተሰነጠቀ፤ አንዱ ወደ ጎን ዘመመ፤ አንዱ በጣም ስለሰፋ ዳዶው አልገባ አለ፤ በአንዱ ደግሞ ዳዶውን ቱቦው ላይ ሳላስገባ ነበር ያሰፋሁት። ቱቦ መቁረጥ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። መቁረጫውን በአንድ ጊዜ አጥብቆ የሚያዞር ሰው ቱቦውን ይጨፈልቀዋል፤ ትንሽ እያጠበቁ ብዙ ጊዜ ማዞር ይሻላል። ከተቆረጠ በኋላ በውስጠኛው ጠርዝ ላይ የሚቀረው የመዳብ ስለት ይፋቃል። ሲፋቅ ቱቦው አፉን ወደ ታች መድፋት አለበት፤ አለዚያ ፍቅፋቂው ወደ ውስጥ ይገባና አንድ ቀን ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ዘንድ ይደርሳል።

ማሽኑን መስቀሉ፣ እንዳሉት፣ ቀላሉ ክፍል ነበር። በውሃ ልክ ተለክቶ የብረት ሳህኑ ከግድግዳው ቋሚ እንጨቶች ጋር በብሎን ታሰረ። ግድግዳው ላይ ሦስት ኢንች ስፋት ያለው ቀዳዳ ወደ ውጭ ትንሽ አዘቅዝቄ ስበሳ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ደህናውን ቤት አይጥ ልታስገባበት ነው?»

«እደፍነዋለሁ እማዬ።»

«አየዋለሁ።»

ቀዳዳው የሚያዘቀዝቀው ለምክንያት ነው። ማሽኑ ሲያቀዘቅዝ ከአየሩ ውሃ ይጨምቃል፤ ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ውጭ መውረድ አለበት። የመውረጃው ቱቦ በአንድ ቦታ እንኳ ሽቅብ ካለ ውሃው ተመልሶ ግድግዳው ላይ ይንጠባጠባል። ከመዝጋቴ በፊት አንድ ኩባያ ውሃ ማሽኑ ውስጥ አፍስሼ ውጭ መውጣቱን አረጋገጥኩ። ቀዳዳውን ደፈንኩ፤ እማዬም አየችው።

የኤሌክትሪኩ ሥራ በሌላ ቤት ከባድ ሊሆን ይችላል። እኔን የረዳኝ አሮጌው ማሞቂያ ነው፤ ለብቻው የተዘረጋ ባለ 240 ቮልት መስመር ነበረው። በዋሽንግተን ስቴት የቤቱ ባለቤት ፈቃድ አውጥቶ በሚኖርበት ቤት ላይ የኤሌክትሪክ ሥራ መሥራት ይችላል፤ ሥራው ግን በተቆጣጣሪ ይታያል። ፈቃዱን አወጣሁ፤ ማሞቂያውን ነቅዬ መስመሩን ወደ ውጭ አስቀጠልኩ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። የማሞቂያው ብሬከር፣ ኃይል ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው፣ 20 አምፒር ነበር። በአዲሱ ማሽን ጎን ላይ የተለጠፈው ሳህን ደግሞ ከ15 አምፒር እንዳይበልጥ ይላል። ሽቦው ለ20 ስለሚበቃ ብሬከሩን እንዳለ መተው ያጓጓል፤ ነገር ግን ብሬከሩ ከሽቦው ሌላ ማሽኑንም ነው የሚጠብቀው። ቀየርኩት። ውጭ ያለውን የኃይል ማቋረጫ ሳጥንም ከማሽኑ ጀርባ ሳይሆን ከጎኑ፣ ሰው ቆሞ በሚደርስበት ቦታ አደረግሁት። ተቆጣጣሪው መጥቶ በመጀመሪያ ያየው ያንኑ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ጠዋት ልመለስ።

ቱቦዎቹ ከተገጠሙ በኋላ ጋዙን ከመልቀቅ በፊት በደረቅ ናይትሮጅን ይፈተናሉ። የናይትሮጅን ሲሊንደር ሞልቶ ሲመጣ ከ2,000 ፒኤስአይ በላይ ስለሚይዝ ግፊት መቀነሻ ሳይገጠምለት አይነካም። በናይትሮጅን ፋንታ ኦክስጅን መጠቀም ደግሞ ሞት ነው፤ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ቀስ እያልኩ፣ በየመቶው እየቆምኩ እያዳመጥኩ፣ መመሪያው በሚፈቅደው ወሰን ውስጥ እስከ 500 ወሰድኩት። ማታ የውጭው ሙቀት 18 ዲግሪ ነበር። ጠዋት 9 ዲግሪ።

ናይትሮጅን ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሐሳቤ ራሴን ማጽናናት ሆነ፤ ብርዱ ነው አልኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰላሁ። በ500 ፒኤስአይ ላይ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ግፊቱ በ1.8 ገደማ ይቀንሳል። ዘጠኝ ዲግሪ ማለት 16 ነው። ብርዱ ሊያብራራው የሚችለው እስከ 484 ድረስ ብቻ ነው፤ ያውም የቱቦው አንድ ክፍል በሞቀ ግድግዳ ውስጥ ስለሚያልፍ ከዚያም ያነሰ። የቀረው 38 ፒኤስአይ የሆነ ቦታ ወጥቷል።

አዛውንቱ ዘንድ ደወልኩ። «እያንዳንዱን ዳዶ ሩብ ዙር ልጨምርለት?» አልኳቸው።

«ተው! ዳዶ ላይ ጉልበት የሚጨምር ሰው ጥሩምባውን ያመነመነዋል። ዛሬ ዝም ይልልሃል፤ በነሐሴ ይሰነጠቃል። የት እንደሆነ ፈልግና ፍታው።»

የዕቃ ሳሙና በውሃ በጥብጬ በቀለም ብሩሽ አራቱንም መገጣጠሚያዎች ቀባሁ። ውጭ ያሉት ሁለቱ ጸጥ አሉ። ከቤት ውስጡ አካል ጀርባ ያለው ቀጭኑም ጸጥ አለ። ወፍራሙ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ምንም አልታየም፤ ከዚያ ከዳዶው ሥር እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያለች አረፋ ብቅ አለች፣ ከጎኗ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ቸኩዬ ብሩሹን አንስቼ ብሄድ ኖሮ አላያትም ነበር።

ናይትሮጅኑን አስተንፍሼ ዳዶውን ፈታሁት። ጥሩምባውን በእጅ ባትሪ ብርሃን እያዞርኩ ሳየው ገጹ ላይ ከፀጉር የማትወፍር ጭረት አገኘሁ፤ ከውስጠኛው ጠርዝ ተነስታ እስከ ውጭው ትደርሳለች። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልተቸገርኩም። የማስፊያው ሾጣጣ ላይ አንዲት የመዳብ ፍቅፋቂ ተጣብቃ ነበር። ሾጣጣው ሲዞር እሷ መዳቡን አረሰችው። ከእያንዳንዱ ጥሩምባ በፊት ሾጣጣውን በጨርቅ መጥረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጠርጌ አራተኛውን ረሳሁት። ያ መገጣጠሚያ ደግሞ ማሽኑ ጀርባ ጠባብ ቦታ ላይ፣ ተንበርክኬ፣ ሲመሽ የሠራሁት የመጨረሻው ነበር።

ጫፉን ቆርጬ እንደገና አሰፋሁት። ጀርባው ላይ ጠብታ የማቀዝቀዣ ዘይት ቀባሁ፤ ዳዶው ሲዞር መዳቡን ይዞ እንዳይጠመዝዝ ይረዳል። በአንድ እጅ መያዣ ቁልፍ፣ በሌላው እጅ የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ ይዤ በመመሪያው ልክ አጠበቅሁት፤ ለወፍራሙ 39 ኒውተን ሜትር። እንደገና 500። በማግስቱ ጠዋት 487፤ የውጭው ሙቀት በሰባት ዲግሪ ወርዶ ነበር። ሒሳቡ ገጠመ።

እዚህ ላይ በግልጽ የምናገረው ነገር አለኝ። በራሳቸው የሚተክሉ ሰዎች በብዛት የናይትሮጅኑን ፈተና ይተዉታል። «ቫኪዩም ከያዘ አያፈስም» ይላሉ። ስሕተት ነው። ቫኪዩም ማለት ቱቦው ባዶ ሆኖ የውጭው አየር ወደ ውስጥ ሲገፋ ነው፤ ያ ግፊት በባሕር ወለል ከ14.7 ፒኤስአይ አይበልጥም። ማሽኑ ሲሠራ የሚገፋው ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በመቶዎች በሚቆጠር ፒኤስአይ ነው። የእኔ ጭረት በቫኪዩም ፈተና ምናልባት ፈጽሞ ባልታየች ነበር። ጋዙ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ተንጠባጥቦ ባለቀ፣ እኔም ማሽኑን በረገምኩ።

ቫኪዩሙ የራሱ ሥራ አለው፤ እርጥበትን ማስወጣት። የማሽኑ ዘይት ከውሃ ጋር ሲገናኝ ወደ አሲድነት ይለወጣል፤ ውሃው ራሱ ጠባቡ መተላለፊያ ላይ በረዶ ሆኖ ይዘጋል። አዲስ አበባ ባቄላ የቀቀለ ሰው መርሑን ያውቀዋል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚያንስ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ግፊቱን ከዚያም እጅግ ዝቅ ብናደርገው ውሃ በክፍል ሙቀት፣ ከዚያም ከዜሮ በታች እንኳ ይተናል። የተለመደው ግብ 500 ማይክሮን (እጅግ ዝቅተኛ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ነው፤ ተራው የከባቢ አየር ግፊት 760,000 ማይክሮን መሆኑን ልብ ይሏል።

አየሩን የሚመጥጠው የቫኪዩም ፓምፕ 45 ደቂቃ ሠርቶ 380 ማይክሮን ደረሰ። ዘግቼው ጠበቅሁ። ቁጥሩ መውጣት ጀመረ፤ 450፣ 540፣ 610። ልቤ እንደገና ወረደ። ከዚያ 620 ላይ ቆመ። ቀዳዳ ቢኖር ኖሮ መውጣቱን አያቆምም ነበር፤ ወጥቶ የሚቆም ቁጥር የእርጥበት ምልክት ነው። ቱቦው አፉ ተከፍቶ አንድ ዝናባማ ሌሊት ማደሩ ትዝ አለኝ። ደረቅ ናይትሮጅን ሞልቼ አስወጣሁ፤ ፓምፑን ለአንድ ሰዓት ተኩል አሠራሁ። በዚህኛው 290 ደርሶ 340 ላይ ረጋ። የቱቦው ርዝመት ፋብሪካው አስቀድሞ ጋዝ ከሞላበት ወሰን ስላላለፈ የሚጨመር ጋዝ አልነበረም። በስድስት ማዕዘን ቁልፍ ቫልቮቹን ከፈትኩ። ጋዙ ሲገባ የሚሰማው ፉጨት አጭር ነው፤ ሁለት ሳምንት የጠበቅሁት ለዚያ ነበር።

ስለ ዋጋው ቃል ገብቼ ነበር። ማሽኑ፣ የቫኪዩም ፓምፑ፣ መለኪያዎቹ፣ የናይትሮጅኑ ዕቃ፣ የማስፊያው መሣሪያ፣ ፈቃዱና ፈተናው ተደምረው 2,200 ዶላር ገደማ ሆኑ። ሥራው አራት ሙሉ ቀን፣ ትምህርቱ ደግሞ አንድ ወር ወሰደ። ተቋራጩ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው፤ ሾጣጣውን መጥረግ ሳይረሳ የሠራውን አራተኛውን ጥሩምባ ነው የሚሸጠው። ብዙ አምራቾች ፈቃድ ያለው ባለሙያ ላልተከለው ማሽን ዋስትና አይሰጡም፤ እኔም ያንን አውቄ ነው የገባሁበት። መለኪያ ላይ ያለውን ቁጥር አምኖ የሠራውን ለማፍረስ የማይደፍር ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው እመርጣለሁ። ገንዘቡ ጠፍቶ ብቻ አይቀርም፤ ጋዙም ወደ ሰማይ ይሄዳል።

በጃንዋሪ አንድ ጭጋጋማ ጠዋት፣ አንድ ዲግሪ ላይ፣ እናቴ ደወለችልኝ።

«ና ቶሎ! ማሽንህ እየጨሰ ነው!»

ሮጬ ደረስኩ። ከውጭው አካል ላይ ነጭ እንፋሎት ወደ ላይ ይተማል፤ የውስጡ ማራገቢያ ቆሟል። እንዲህ ያለውን ፈተናው ላይ አንብቤው ነበር፤ በዓይኔ ግን አላየሁትም። በእርጥብ ብርድ የውጭው አካል ላይ አመዳይ ይጋገራል፤ ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃዎች አቅጣጫውን ቀይሮ ሙቀቱን ወደ ውጭ እየላከ ያቀልጠዋል። እንፋሎቱ ከዚያ ነው። ለእማዬ ይህን እያስረዳሁ ሳለ ማራገቢያው ተነሳ፤ ሞቃት አየር ወረደ። እሷ ግን ወደ ታች ነበር የምታየው። የቀለጠው ውሃ ከማሽኑ ሥር ወጥቶ በሲሚንቶው መንገድ ላይ እየፈሰሰ ነው፤ እሷ ጤና አዳም ወደ ተከለችበት ጥግ የምትሄድበት መንገድ።

«ይኼ ማታ በረዶ ይሆናል» አለች።

በዚያው ቅዳሜ ከማሽኑ ሥር እስከ አጥሩ ድረስ ቦይ ቆፍሬ ጠጠር ሞላሁበት።